አሚን ያስባለን ሰው

ደምመላሽ ሲነሳ ሰዉ «አንደበቱ ማር ነበር» ይላል። ኤዲያ! ማር የቀመሰ ሰው ቢያንስ አፉ ይጣፍጠዋል። እኔ የዚያን ሰውዬ ስም በሰማሁ ቁጥር ያቅለሸልሸኛል። ወላሂ፣ ሳላጋንን ነው፤ ምራቄን ውጬ ዝም እላለሁ። ዛሬ ግን ዝም አልልም።

ረሂማ ዘይኑልአቢዲን እባላለሁ። ደሴ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ሻይ ቤት ነበረችኝ፤ ሻይ ከአምባሻ ጋር፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ፉል። ትውልዴ ከደሴ አጠገብ ካለው ገጠር፣ ከገራዶ ነው። ደምመላሽ የሙጋድ ሰፈር ልብስ ሰፊ ልጅ ሲሆን ለዓመታት የኔን ሻይ ሲጠጣ ነው የኖረ። ሌባ ብዙ አይቻለሁ፤ አውቶቡስ ተራ ያለ ሰው ሌባ አይቸግረውም። እንዴት እንደሚሰርቅ ግን ቁጭ ብሎ፣ ስኳር እያማሰለ የሚያስረዳ ሌባ እሱን ብቻ ነው ያየሁ።

መጀመሪያ ሳሙና ነበር የሚሸጥ። በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ አብዮቱ ሳይመጣ። አንድ ነጋዴ በካርቶን ያስረክበውና ሰኞ ገበያ ይወጣል። ቆርቆሮ ጠቅልሎ እንደ ጡሩምባ አድርጓል፤ በዚያ ይጮኻል። ሲጮኽ ግን ስለ ሳሙናው አይናገርም። «ደሴ ጸዳች! ደሴ ነጣች! ገጠሬው ብቻ ቀረ!» ነው የሚል። ገበያ የወጣ ባላገር ሁሉ የራሱን ጋቢ ጎንበስ ብሎ ያያል። ምን ያድርግ! ይኼኔ አንድ ከገጠር የመጣ የሚመስል ሰውዬ ከመሃል ይወጣና «እኔስ አልቀርም፣ ስጠኝ!» ብሎ ይገዛል። ሰውዬው የደምመላሽ ያጎት ልጅ ነው፤ ያንኑ አንድ ሳሙና ነው በየሳምንቱ የሚገዛው። ከሱ ኋላ ሰዉ ይጋፋል።

አባቴን ደግሞ ሳያስፈቅድ ንግዱ ውስጥ አስገባው። አባቴ ዘይኑልአቢዲን የገራዶ ዱዓ አድራጊ ነበር። ዝናም ሲጠፋ፣ ሰው ሲታመም፣ ጠበኛ ሲታረቅ እሱ ነው የሚመርቅ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም «አባ ዘይኑ» ነው የሚለው። ነጭ ልብሱ ደግሞ ከሩቅ ይታወቃል። እናስ ደምመላሽ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የአባ ዘይኑ ቤት በምን ይታጠብ ይመስላችኋል?» አለ። በዚህ ሳሙና ይታጠባል አላለም። ጠየቀ ብቻ። እናቴ ዕድሜ ልኳን ያጠበችው በእንዶድ ነው፤ ሳሙናውን በዓይኗም አላየችው። የገራዶ ሴት ግን እንዶዱን ጥላ ሳሙና ልትገዛ ደሴ ወረደች። እናቴ ስትሰማ ሳቀች። ያኔ እንስቅ ነበር፤ ሳሙና አይደል፣ ምን አለበት ብለን።

አንድ ቀን ሻይ ቤቴ ተቀምጦ ሰውን እንዴት እንደሚያስገዛ ነገረኝ። ደስ ብሎት፣ ድርቆሽ ያገኘ በቅሎ መስሎ።

«ሰው ብቻውን ሲሆን ያስባል፣ ረሂማ። ሲሰበሰብ ግን ጎኑ ያለውን ነው የሚያይ። እኔ የሚያስፈልገኝ አንድ ፊተኛ ብቻ ነው።»

«ፊተኛው ከተሳሳተስ?» አልኩት።

«ያኔ ሁሉም አብሮ ተሳሳተ፤ ማን ማንን ይወቅሳል?» ብሎ ሳቀ። ጥርሱ ላይ አምባሻ ተለጥፎ ነበር። እስከዛሬ አምባሻ ስቆርስ ያ ጥርስ ይመጣብኛል።

አብዮቱ መጣ። ነጋዴው ሱቁን ዘጋ፣ ደምመላሽ ግን አልተዘጋም። ቆርቆሮውን ጥሎ የቀበሌ ድምፅ ማጉያ ያዘ። ሥራው ያው ነው፤ ሳሙናው ብቻ ነው የተቀየረ። ድሮ ያልገዛውን «ገጠሬ» ይል ነበር፤ አሁን ስብሰባ የቀረውን «አድኃሪ» ይላል። ልዩነቱ በገጠሬነት የሚታሰር አልነበረም፣ በአድኃሪነት ግን ሰው ይጠፋል። «ብሩህ ተስፋ»፣ «ለምለም ነገ» የሚሉ ቃላት ነበሩት፤ ምን ማለት ነው ብትይው እሱም አያውቀው። «ቃሉ ሲያምር ማንም ትርጉሙን አይጠይቅም» ብሎኛል በገዛ አፉ። እያደገ፣ እያደገ የቅስቀሳ ኃላፊ ሆነ። ካኪ ለበሰ፤ ድሮ የሚከፍልበትን ሻይ እንኳ በነጻ ይጠጣ ጀመር።

ከዚያ ያ የረሃቡ ሰባ ሰባት መጣ። አይምጣ የዚያ ዓይነት ዘመን። ወሎ ምን እንደሆነች የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እኔ አላወራውም። መንግሥት ሰዉን ወደ ምዕራብ ቆላ ሊያሰፍር ተነሳ። ያለቀበት ሰው በገዛ እግሩ ሄደ፣ ሌላውን እየገፉ ጫኑት። እያንዳንዱ ገበሬ ማኅበር ኮታ ነበረበት፤ የገራዶን ኮታ እንዲሞላ የታዘዘው ደምመላሽ ነው። ጉልበት ግን አይወድም። በገመድ የታሰረ ሰው የሱን ችሎታ አያሳይማ! «የኔ ሰፋሪ ዘፍኖ ነው የሚሄድ» ይላል።

ገራዶ ታች ያለው የኛ ማሳ ምንጭ አለው። ዙሪያው ሲነድ ያቺ ምንጭ አልደረቀችም። ወንድሜ በሺር እሷን በቦይ እየመራ ሽንኩርትና ድንች ያወጣ ነበር፤ በአህያ ደሴ አምጥቶ ይሸጣል፣ ሲመለስ ለጎረቤት ያካፍላል። ከኔ ያንሳል፣ «እትየ» ነው የሚለኝ። ዝምተኛ ነው፤ ግን ሲናገር ሰዉ ይሰማዋል፣ የአባ ዘይኑ ልጅ አይደል። ሚስቱ ዘሀራ ያኔ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር።

ደምመላሽ ማኅበሩን ሰበሰበና ስለ ለምለሙ አገር ሰበከ። በቆሎው ሰው ያህላል፣ ወንዙ አይጎድልም፣ አፈሩ ቅቤ ነው። ስለ ወባው አንድ ቃል አልተነፈሰም። መመለስ ይቻላል አይቻልም የሚለውንም ዘለለው። ውሸት አልተናገረም፣ ይኸ ነው የሚያናድደኝ! በቆሎው እውነት ነው፣ ወንዙ እውነት ነው። ግማሹን እውነት አውጥቶ ግማሹን ኪሱ ውስጥ ይዞት ነበር።

በሺር ተነሳ። «ጓድ ደምመላሽ፣ አገሩ ይኸን ያህል ከተመቸ እስካሁን ምን ሆኖ ሰው አጣ?» አለ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ቀጠለና «ውኃ ያለው ሰው ውኃ ፍለጋ አይሰደድም» ብሎ ተቀመጠ። ያን ቀን አንድም ሰው አልተመዘገበ።

በማግስቱ ጠዋት ደምመላሽ ሻይ ቤቴ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። «ወንድምሽ ሰው ያበላሻል» አለኝ። ለመንኩት። ፉሉን ቅቤ ጨምሬ አቀረብኩለትና «በአላህ፣ ተወው። ሚስቱ ልትወልድ ነው። አባየም ያለ እሱ ማን አለው?» አልኩት።

«እኔ ማንንም አላስገድድም፣ ረሂማ። ወንድምሽ በገዛ አፋችሁ ነው የሚሄድ» አለና ፉሉን ጠርጎ በላው።

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። የገባኝ ሐሙስ ዕለት ነው።

ሐሙስ ገራዶ የዝናም ዱዓ ነበረ። ጫቱ ተበትኗል፣ ሽማግሎቹ ተደርድረዋል፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲህ ነን። እኔ ከደሴ ዳቦ ይዤ ወጥቻለሁ። አባቴ ሲመርቅ ስንኝ አለው፤ እሱ ይላል፣ ሰዉ «አሚን» ይላል። እየፈጠነ ይሄዳል፤ እየፈጠነ ሲሄድ አሚኑም ከልብ ሳይሆን ከደረት ነው የሚወጣ። እኛ ጋ ደግሞ ለዱዓ አሚን አይነፈግም። ሰው «አላህ እንዲህ ያድርግ» ብሎ ዝም ያልሽ እንደሆነ፣ አይሁን እንዳልሽ ነው የሚቆጠር። ልጅ ጡት ሳይጥል ነው አሚን የሚለምድ።

ደምመላሽ መጣ። ጫማውን አወለቀ። ካኪውን አልለበሰም፣ ጋቢ ነው የለበሰ። ከደጃፉ ጥግ ዝቅ ብሎ ተቀመጠና አባቴ ሲጨርስ፣ «አባየ፣ ቢፈቅዱልኝ እኔም አንድ ልመርቅ» አለ። መመረቅ እፈልጋለሁ ያለን ሰው ማን ይከለክላል? ክርስቲያንም ይመርቃል፤ ወሎ ነው። አባቴ «ቢስሚላህ፣ ልጄ» አለው።

«ዝናሙን ያውርድልን!» አለ። አሚን አልን።

«ረሃቡን ያንሳልን!» አሚን።

«ያረገዘችውን በሰላም ይገላግል!» ዘሀራ አጠገቤ ናት፤ እጇን ዘርግታ አሚን አለች። «የታመመውን ይማር! የሸመገለውን ያቆይ! የዘራነውን ይባርክ!» አባቴን ነው የሚመስል፣ ድምፁን ሳይቀር ወስዶታል። አሚን፣ አሚን፣ አሚን። «የሚሄደውን መንገዱን ያቅናለት!» አሚን። «ለለምለሙ አገር ያብቃን!» አሚን። «ልጃችንን በሺርን ፊት መሪ ያድርግልን!»

«አሚን!» አለ ቤቱ። አባቴም አለ። ወላሂ ድምፁን ለይቼ ሰማሁት፤ ከሁሉም ጎላ ያለው የሱ ነበር።

ደምመላሽ ብድግ አለ። ድምፁ ተለወጠ፤ አሁን ካድሬው ነው። «ጀማው! ሰማችሁ? በአላህ ፊት በሺርን መሪ አድርጋችሁ መርጣችኋል። እኔ አንድም ሰው አላስገደድኩም!» ውጭ የማኅበሩ ሊቀመንበር ቆሞ ኖሯል፤ ገባና አጨበጨበ። ሁለት ሦስት የሚሆኑ አብረው አጨበጨቡ። ሌላው ጎኑ ያለውን አየና ተከተለ።

ትፍ! ሳሙና መሸጫ አደረጋት! የአባቴን ዱዓ፣ ደረቅ ምድር የሚያረሰርስበትን አፍ ሳሙና መሸጫ አደረጋት። አንዳንዴ አስበውና እኔን የሚያቅለሸልሸኝ ክፋቱ ብቻ አይደለም፤ ጫማውን ማውለቁ ነው። አክብሮ፣ ዝቅ ብሎ፣ «አባየ» ብሎ።

አባቴ ሊያስተባብል ሄደ። በማግስቱ በትሩን ይዞ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄዶ «እኔ አሚን ያልኩ ለዝናሙ ነው» አለው።

«አባየ፣ ዱዓ ይሻራል እንዴ? እርስዎ ዛሬ አሚንዎን ካጠፉት ነገ የትኛውን አሚንዎን እንመን?» አለው ደምመላሽ። ሰዉ ሁሉ እየሰማ። አባቴ፣ አንድም ቀን መልስ አጥቶ የማያውቅ ሰው፣ ጠበኛን ሁሉ ያስታረቀ ሰው፣ በትሩን ተደግፎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ እግሩ ያዘው፤ ከመደብ አልወረደም።

በሺርን «እንቢ በል፣ ሐርቡ ዘመዶቻችን ጋ ሂድና ተደበቅ» አልኩት።

«እትየ፣ እኔ ብሸሽ አባየ ውሸታም ሊሆን ነው» አለኝ። «የሱን አሚን ሐሰት አላደርገውም።»

«የአባየ አሚን አይደለም፤ የዚያ ውሻ ነው!»

«ሰዉ የሰማ ከአባየ አፍ ነው።» ምን እላለሁ? በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል፤ ወንድሜ ግን ገደሉን አይቶታል። አይቶት ነው የገባ።

ዘሀራ ልትወልድ ስለተቃረበች «ስትጠና ትከተልሃለች» ተባለና በሺር ብቻውን ሄደ። ከሱ ኋላ የገራዶ ኮታ በአንድ ሳምንት ሞላ። «የአባ ዘይኑ ልጅ ከሄደ እኛ ምን ቤት ነን?» እያለ ሰዉ ተመዘገበ። ያ ሁሉ ሲሆን ደምመላሽ አንድም ሰው አልመታም። ሹመት ጨመሩለት። የኛን ማሳ ማኅበሩ ወሰደው፤ ምንጯንም።

ዘሀራ ሴት ልጅ ወለደች፤ ለይላ አልናት። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ አንድ ጠዋት ሻይ ቤቴ የከሰለ፣ ከንፈሩ የተላጠ ሰው ገባ። አላወቅኩትም። «ረሂማ፣ ጀማሉዲን ነኝ» አለኝ። የገራዶው ጀማሉዲን፣ ከበሺር ጋር የሄደው ነው! ከሰፈራው ጠፍቶ፣ በጫካ በጫካ፣ በእግሩ መጥቶ ነው። ጓዳ አስገባሁት። ሻዩን በሁለት እጁ ይዞ ነገረኝ። በሺር ሞቷል። በወባ፤ ሐምሌ ላይ። ጀማሉዲን በገዛ እጁ ቀብሮታል።

«ኢንና ሊላሂ» አልኩና እዚያው ተቀመጥኩ። መጮኽ አልችልም፤ ደንበኛ ውጭ ተቀምጧል። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰርኩት።

ጀማሉዲን በቁርዓን አስማለኝ፤ ስሜን ለማንም እንዳትናገሪ፣ ከያዙኝ ይመልሱኛል አለ። ማልኩለት። ለመንገድ ዳቦ ቋጠርኩለት፣ ወደ ሐርቡ ወረደ። ከዚያ ወዲያ የደረሰበትን የሚያውቅ የለም።

አሁን መርዶው አለ። እኛ አገር መርዶ እንዲሁ ከአፍ አይወረወርም። ሞት የሰማ ሰው ቢያቃጥለውም ዋጥ አድርጎ ሽማግሌ ጋ ይሄዳል። ሽማግሎች ይሰበሰቡና በማለዳ ከደጃፍ ይደርሳሉ፤ እነሱን በማለዳ ከደጃፉ ያየ ሰው ሳይነግሩት ያውቃል። ከዚያ ለቅሶ ይሆናል። በሽማግሌ ያልመጣ መርዶ መርዶ አይደለም፣ ሟርት ነው። ለአባቴም ለዘሀራም የሚነግሩ እነሱ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ገራዶ ወጥቼ ሐጂ እንድሪስንና አያ ደጉን አገኘሁ። መርዶ ከተባለ እነሱ ናቸው የሚቀድሙ፤ አንዱ ከመስጊድ፣ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን። ነገርኳቸው። ሐጂ እንድሪስ አለቀሰ። አያ ደጉ ግን ዙሪያውን አየና፣ «ማን ነገረሽ?» አለኝ።

«ያየ ሰው።»

«ማነው ያየው?»

«ምያለሁ፣ አልናገርም።»

«እንግዲያስ ትንሽ እንቆይ፣ ልጄ» አለ። «ሊቀመንበሩ ትእዛዝ አንብቦልናል። ከሰፈራ ሰው ሞተ ብሎ ያወራ፣ የጠላት ወሬ ነዢ ነው ተብሏል። ለቅሶ የተቀመጠም አብሮ ይያዛል። ጊዜው ይለፍ።»

«ሬሳውስ ተቀብሯል፣ ሐዘን ግን እንዴት ይቆያል፣ አያ ደጉ?»

«ትንሽ ነው፣ ልጄ» አለ። ሐጂ እንድሪስ እንባውን በጋቢው ጠረገና እሱም «ትንሽ እንቆይ» አለ። አባቴ ጋ ገብቼ እጁን ስሜ፣ በሺር ደኅና እንደሆነ ሲጠይቀኝ «አልሐምዱሊላህ» ብዬ ወጣሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

ያ «ትንሽ» ነው ያረደን። ገና ስንቆይ ደምመላሽ ትልልቅ ፎቶ ይዞ መጣ። የታተመ ነው፣ ደሴም ኮምቦልቻም ግድግዳው ሁሉ ተለጥፏል። በሺር ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከትራክተር አጠገብ ቆሞ፣ እየሳቀ። ከሥሩ «ለምለሙ አገር ተቀበለን» ይላል። ጀማሉዲን ይኸን ነግሮኝ ነበር፤ በደረሱ ሰሞን ሸሚዙን ከአንዱ እያወለቁ ሌላውን አልብሰው፣ ያንኑ ትራክተር አስደግፈው ሁሉንም ፎቶ አነሷቸው። ትራክተሩ አፈር አልነካም ነበር። ፎቶው ሲለጠፍ ወንድሜ አፈር ውስጥ ነበር።

ደምመላሽ ፎቶውን ለዘሀራ በገዛ እጁ ሰጣት። ዘሀራ ዕልል አለች። ባሏ ሥጋ ለብሷል፣ ባሏ ሰው ሆኗል! ልጇን አዝላ ልትከተለው ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች። እኔ ስሰማ ሻይ ቤቱን እንኳ ሳልዘጋ ሮጥኩ። ሽማግሎቹን በድጋሚ ለመንኩ። እግራቸው ላይ ወደቅኩ፤ «ነገ ጠዋት ኑልኝ፣ እዚህ ደጃፍ ብቻ ቁሙልኝ፣ አትናገሩ፣ እሷ ይገባታል» አልኳቸው። እሺ አላሉም። እንቢም አላሉም። ከወደቅኩበት አንስተው ሸኙኝ።

እንግዲህ ራሴ ገባሁ። ዘሀራ የልጇን ልብስ እያጠፈች ነበር። እጇን ያዝኳት።

«ዘሀራ፣ በሺር የለም። ሐምሌ ላይ ሞቷል።»

ቀና ብላ አየችኝ። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ እጇን ቀስ አድርጋ አወጣች። «ይኸን እንደምትይኝ ነግሮኛል» አለች።

«ማን?»

«ጓድ ደምመላሽ። ‹አንቺ ከሄድሽ ማሳው ሳይመለስላቸው እንዳይቀር የሚፈሩ፣ በባልሽ ጥጋብ የሚቀኑ፣ ሞቷል ይሉሻል፤ የሚሉሽም ሩቅ ሰው አይሆኑም› ብሎኛል። አንቺ ትሆኚያለሽ ብዬ ግን አላሰብኩም፣ እትየ።»

«ወላሂ እልሻለሁ!»

«መርዶ እንዲህ ነው?» አለችኝ። አሁን ድምጿ ከረረ። «አንድ ሴት ብቻዋን በቀትር? ሽማግሎቹ የታሉ? ሐጂ እንድሪስ የታለ? አያ ደጉ የታለ? እነሱ ጠዋት ከደጄ ቢቆሙ እኔ አልጠይቅም፤ ፀጉሬን ነጭቼ እቀመጥ ነበር። አንቺ ግን...» ብላ ተወችው። ፎቶውን ከግድግዳው አውርዳ ጠቀለለችው።

ምን ልበላት? ልክ ናት። እኔ በሷ ቦታ ብሆን እኔም አላምን። ያ ሰው የምናገረውን ቃል ከእኔ ቀድሞ ወስዶ፣ አርክሶ፣ መንገድ ላይ ጥሎት ነበር። እውነቴን ይዤ ስመጣ ያረጀ ወሬ ሆኖ ጠበቀኝ።

አውቶቡሶቹ የሚነሱት ከኮምቦልቻ ነበር። ሜዳው በሰው ሞልቷል፤ ዘፈን ተከፍቷል፣ የበሺር ፎቶ ከፊተኛው አውቶቡስ መስታወት ላይ ተለጥፏል። ደምመላሽ ከአንድ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ድምፅ ማጉያውን ይዟል። «ዛሬ የጀግናው የበሺር ባለቤት ከነልጇ ወደ ባሏ ትጓዛለች!» ሲል ሰዉ አጨበጨበ። ዘሀራ ለይላን አዝላ ገብታ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች።

ከአውቶቡሱ ፊት ሄጄ ቆምኩ። «ሞቷል!» ብዬ ጮኽኩ። «ወንድሜ ነው! ሞቷል! ይኸ የሞተ ሰው ፎቶ ነው!» ዘፈኑ ተቋረጠ። ሰዉ ሁሉ ዞረ። ልቤ፣ አሁን ተሰማሁ አለች።

ደምመላሽ አልተቆጣም። ቢቆጣ ጥሩ ነበር፤ ቢያስመታኝ ሰዉ ይጠረጥር ነበር። ድምፁን አለሳለሰ። «ወገኖቼ፣ ይቺ የበሺር እህት ናት። የወንድም ናፍቆት ነው። እባካችሁ፣ እህታችንን በእንክብካቤ ያዙልን። ውኃ ስጧት።» ሰዉ ከንፈሩን መጠጠልኝ። «ምስኪን» አለች አንዷ። አንዱ እውነትም በጣሳ ውኃ አቀረበልኝ። ያ ውኃ! ያ ርኅራኄ! ከጥፊ የበለጠ አስጠላኝ።

ከጠረጴዛው ሥር ሐጂ እንድሪስና አያ ደጉ ቆመዋል። ማኅበሩ ለሽኝት አምጥቷቸዋል፣ አዲስ ጋቢ አልብሷቸዋል። «ሐጂ እንድሪስ!» አልኩ። «አያ ደጉ! ስለ አላህ፣ ስለ ማርያም፣ ተናገሩ እንጂ! ነግሬያችሁ የለም?» መሬት መሬት አዩ።

ደምመላሽ ጎንበስ ብሎ አያቸው፤ ከዚያ ወደ ሰዉ ቀና አለ። «ሽማግሎቻችን እዚሁ አሉ። መርዶ ቢኖር እነሱ አይነግሩንም ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ጠየቀ ብቻ። ከዚያ «ለበሺር ባለቤት ጭብጨባ!» አለ።

ሰዉ አጨበጨበ። አያ ደጉ አጨበጨበ። ሐጂ እንድሪስ ትንሽ ቆየና እሱም አጨበጨበ።

ዘሀራ በመስኮቱ ሆና እኔን አልነበረም የምታይ፤ እነሱን ነው። እጃቸው ሲያጨበጭብ ስታይ ፊቷ ላይ የነበረው ጭንቀት ለቀቀ። አውቶቡሱ ተነሳ። እሷም የለይላን እጅ ከጀርባዋ ሳብ አድርጋ ለኔ አውለበለበችልኝ።